ጆሮ እና ያልተከፈተው ሞተር

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእኔና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ጆሮዎቹ ትልልቅ ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ለዚያ ሰፊ ፊቱ ያንሳሉ፣ ከሌላ ሰው የተዋሳቸው ነው የሚመስሉት። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። መካኒክ ነው። የታመመ መኪና ሲመጣለት ክንድ የሚያህል ካቻቪቴ ያወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ተክሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው ነው» ይላል። ሞተሩ ሲከፈት የተበላሸው ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ ዓመት ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመግዛቱ በፊት «ጆሮ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። እሱም በመኪና፣ እኔም በመኪና ነው የምንኖረው፤ የሱ ጎማ አለው፣ የኔ መርገጫ አለው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስንጋባ ለዘመዶቹ «ቤታችን ውስጥ ሁለት መኪና አለ» እያለ ይቀልድ ነበር። አንድ አጎቱ የምሩን መስሎት ለሠርግ አንዷን ሊዋስ መጥቶ፣ የስፌት መኪናዬን ሲያይ ሳይሰናበተን ወጥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ቅር ብሎታል።

ሳገባው እንዲህ ተጠራጣሪ መሆኑን አላውቅም ነበር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አያምን፣ ሊብሬ አያምን፣ «አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት» የሚል ሻጭ አያምን፣ የአየር ትንበያ አያምን። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። አብሬው ስኖር ሳይጋባብኝ አልቀረም፤ እኔም ዛሬ ጨርቅ ነጋዴ «ንጹህ ጥጥ ነው» ሲለኝ ክር መዝዤ ካላቃጠልኩ አልገዛም። እንዲህ ሁሉን እየተጠራጠርን አንዲት ሴት ልጅ አሳድገን ዳርን። ራቅ ካለ ከተማ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

የጆሮ ትልቁ ሱሱ ግን ትንቢት ነው። ዛሬ በየመንገዱ ከሚከንፉት ፈጣን መኪኖች ውስጥ ነገ ክላሲክ የምትሆነው የትኛዋ ናት? ነጋ ጠባ ወሬው ይኸው ነው። ክላሲክ ማለት ለማታውቁት፣ አርጅታ አሮጌ የማትባል፣ ሰው ሊያያት ብሎ መንገድ የሚሻገርላት፣ ሰብሳቢዎች አገር ላገር የሚያስሷት መኪና ናት። ሌላው አሮጌ መኪና ለብረት ይሸጣል። «ሁለቱም አዲስ ሳሉ እኩል ያብረቀርቃሉ» ይላል ጆሮ፣ «ያኔ ነው እንግዲህ ለይቶ ማወቅ።»

ዘዴው ደግሞ ጉድ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪ ሲለቀቅ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ይገተራል። ተማሪዎቹ የትኛዋ መኪና ስታልፍ ዞር ብለው እንደሚያዩ፣ የትኛዋን ደግሞ ዝም ብለው እንደሚያሳልፉ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተልና የመለዋወጫ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል። አስራ አምስት ዓመት ሲሆነው አፉን ከፍቶ ያያትን መኪና ሰው ሃምሳ ሲሞላው ይገዛታል ባይ ነው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ክንዱን ጨምድዶ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ፈልገህ ነው በየቀኑ እዚህ የምትቆመው?» ብሎት፣ ላስለቅቀው የሄድኩት እኔ ነኝ። «መኪና ነው የሚያየው» ስለው «ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት» አለኝ። መርፌ እጅጌዬ ላይ ተሰክቶ፣ ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እዚያ ቆሜ የተዋረድኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚህ ጉዳይ ከሽቦ ጋር ሲከራከሩ ብትሰሟቸው ትስቃላችሁ። ሽቦ የጋራዡ ኤሌትሪሻን ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ያምረዋል።

«ይቺኛዋ አምስት መቶ ብቻ ነው የተሠራችው» ይላል ሽቦ ከስልኩ ላይ ፎቶ እያሳየ። «ቁጥሯ በብረት ተቀርጾ ተለጥፎባታል። እሷ ክላሲክ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?»

«ቁጥር የለጠፉባትን አላምናትም» ይላል ጆሮ። «ለምን ለጠፉባት? ክላሲክ ትሆናለች ብለህ እንድትገዛት ነዋ! የገዛት ሁሉ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጣታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ብትመጣ አምስት መቶዎቹም እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። እኔ የምፈልገው እየተነዳች የምታልቀውን ነው። ሰው የደስታውን ያህል ጋልቧት፣ ገጭቷት፣ ጥሏት፣ በኋላ አሥር የማይሞሉ ደህና ሆነው የሚቀሩትን።»

«ስክሪኗስ? ያን የሚያህል ስክሪን!»

«እሱ ሲሞት ምን ልታደርግ ነው? ብረት ቢሰበር እጠርብልሃለሁ። ኮምፒዩተር ማን ይጠርብልሃል?»

እሱ የሚወደው ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ባለ ሦስት ፔዳል፣ አየር የሚገፋላቸው ቱርቦ ሳይኖር በራሳቸው የሚተነፍሱ፣ ከነሱ በኋላ እንደነሱ ያለ ያልተሠራላቸውን ነው። አንዳንዴ ይሰምርለታል። የቤተሰብ መኪና መስላ ሆዷ ውስጥ አውሬ የሚያህል ሞተር የያዘች፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያትን ባለ አምስት በር መኪና «ያዟት» ብሎ ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። ጣሪያዋ በቁልፍ የሚከፈተውንም እንዲሁ «ያዟት» ብሎ ነበር። የገዛት ጎረቤታችን ጓሮ ቆማለች፤ ዛሬ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍልባታለች። ይህን ሳነሳበት አይወድም።

የሁሉ ቁንጮ ግን አረንጓዴዋ ነበረች። ሁለት በር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ። አንድ ቀያሽ መሐንዲስ ነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጆሮ ምክር አዲሷን የገዛት፤ ዘይቷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀየረው ጆሮ ብቻ ነው። ቀያሹ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። መኪናዋ ለሚስቱ ቀረች። ሴትየዋ መንዳት አትችልም፣ ልትሸጣት አሰበች። ጆሮ ግን ለቅሶው ገና ሳይበርድ ሄዶ «እህቴ፣ እንዳትሸጫት። ቀኗ እየመጣ ነው። ሞተሯን ማንም እንዳይነካ። እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ አስነሳታለሁ» አላት።

ሞተሯን ማንም እንዳይነካ ያለው ወዶ አይደለም። በጋራዥ ቋንቋ «ሞተሩ አልተከፈተም» ከማለት የሚበልጥ ሙገሳ የለም። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ የሰው እጅ አልገባበትም ማለት ነው። ሻጭ ሁሉ እየማለ ይላታል፤ ጆሮ ደግሞ ማንንም አያምንም። በአረንጓዴዋ ግን አፉን ሞልቶ ይምልባታል፣ ምክንያቱም ከሱ በቀር የቀረባት የለም። ሰብሳቢም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሴትየዋ ተስፋም በዚች በአንዲት የባሌ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከመኪናዋ ሌላ ባሏ የተወላት ነገር የለም።

እንግዲህ የኔ ጣጣ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ይወጣል። ይሄው ሁለት ዓመት። ሴትየዋ ከኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ ወገቧ ግን ቢያንስ በአስር። መጀመሪያ ምንም አላልኩም። አንድ ቀን ግን ከሱቄ ጎን ያለችው ዳቦ ሻጭ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ፣ መርፌ በአፌ ይዤ ጫፉን ስለካላት «ባልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹህ ሸሚዝ ይለብሳል አይደል?» አለችኝ። ሸሚዙን የምተኩሰው እኔ! መርፌውን ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ቀሚሷን ከለካሁት ሁለት ሴንቲ አጥብቤ ሰጠኋት፤ አውቄ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ተከፈተ። ለካ ሰውዬው ተለውጦ ኖሯል! ስጠራው አይመልስም። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ «አንተ!» እለዋለሁ፣ ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩኛል፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። እሁድ ልጃችን ስትደውል ድሮ ስልኩን ከእጄ የሚነጥቀኝ ሰው አሁን «አንቺ አውሪ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ብሎ ይወጣል። በእሁድ ምን ሥራ? ቀልድ ስነግረው ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚስቀው። ስናወራ ፊቴን አተኩሮ ያያል፤ አፌን አፌን። የበደለ ሰው ነው እንዲህ የሚያየው ብዬ ደመደምኩ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ልብሱን አጥቤ፣ ጥበቃ እጅ ሲገባ አስለቅቄ! በየጊዜው ጠርቼው ያልመለሰልኝን ሁሉ በልቤ ያዝኩበት።

አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘጋሁና ተከተልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ ለግድግዳ እየተሳበኩ! የሴትየዋ ግቢ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማሩ የወለቀበት ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን ሰካሁ።

ያየሁት ይኸው ነው። አረንጓዴዋ ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች፣ ኮፈኗ ተከፍቷል። ሴትየዋ ራቅ ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ወደሱም አታይም። ባሌ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ካቻቪቴው ግን ጆሮው ላይ የለም። እጀታውን በጥርሱ ነክሶታል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ውሻ አጥንት እንደሚይዝ ነክሶ ይዞታል። እጀታውን ከአፉ አውጥቶ በግራ ጆሮው ሞከረ፣ ቀጥሎ በቀኙ፣ ቀጥሎ እንደገና በጥርሱ። ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነና ቆመ።

እኔም በዚያች ቀዳዳ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁት። ከማጉረምረሙ በታች፣ ከሆዱ፣ «ኳ ኳ ኳ» የሚል ነገር አለ። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን መርፌ መያዣዋ የላላ የስፌት መኪና ምን እንደምትል አሳምሬ አውቃለሁ፤ ይህኛውም የላላ ነገር ድምፅ ነው። እኔ ከአጥር ውጭ ሆኜ የሰማሁትን እሱ ጥርሱን ተክሎበት አልሰማውም።

ቤት ገብቼ ምሳ አቀረብኩለት። ሾርባውን ሲጠጣ ከኋላው ቆምኩና፣ ድምፄን ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ «ያቺ ሴት ውሽማህ ናት?» አልኩት።

ማንኪያውን አነሳ፣ ጠጣ። «ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለኝ።

ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ውሽማ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር ብዬ አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ውሽማ ይጣላል። ባሌ ደንቁሯል። እና ደብቆኛል። ጆሮ የሚባል ሰው ጆሮው ሲሄድበት ለማን ይናገር?

አረንጓዴዋን የሚገዛ ሰብሳቢ የተገኘው በዚያው ሳምንት ነው። መኪናዋን ሊያይ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል፤ ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ በእለቱ ይወስዳታል፤ «ጆሮ ሞተሯ ጤነኛ ነው ካለኝ ለኔ በቂ ነው» ብሏል። ጋራዡ ሁሉ «ትንቢቱ ሰመረ!» ብሎ ጆሮን ትከሻውን ይመታዋል። እሱ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አይደርስም። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ። ምናልባት ድምፁ የሞተሩ ጠባይ ይሆን? እንዲህ ያሉ ፈጣን መኪኖች ጠባያቸው ብዙ ነው ይላል እሱ ራሱ። ወይስ ቅናቴ ነው ያንኳኳብኝ?

ዓርብ ከሰዓት ከሱቄ ተሻግሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አፌን እንዲያይ ቀጥ ብዬ።

«ነገ ለሰውዬው ምን ልትለው ነው?»

«ምን እለዋለሁ? እንደ ሰዓት ናት እለዋለኋ።»

«ሰምተሃታል?»

ደሙ ሲፈላ አየሁት። «ምን ማለት ነው ሰምተሃታል? አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ማን ነኝ?» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ሽቦ ሁለታችንንም ገላምጦን ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

እንግዲህ ያቺን ቃል ሊላት ነው ማለት ነው። ያልሰማውን ሞተር ሰምቻለሁ ብሎ ሊመሰክር። ሰውዬው መኪናዋን ይዞ ሄዶ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ቢበተን ሴትየዋ አጭበርባሪ ትባላለች፣ ሠላሳ ዓመት የለፋበት የባሌ ስምም አብሮ ይበተናል። ብናገር ደግሞ እኔው ነኝ በአደባባይ የማዋርደው። ምን ቆርጦኝ ነው በዚያ አጥር ያጮለቅሁት አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ተኮስኩለት። የራሴንም ደህናውን ቀሚስ ለበስኩና «እኔም እመጣለሁ» አልኩት። አትምጪ አላለኝም።

ሰብሳቢው ቀጭን፣ ንጹህ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ከባሌ የባሰ ተጠራጣሪ አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር። መስታወቱ ላይ ያለውን ማህተም አንድ በአንድ አነበበ፣ የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቦ የተሠራበትን ቀን አየ፣ በሩን አሥር ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አሸተተ። ሴትየዋ ደረጃው ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እኔን ስታይ «እትዬ፣ እንኳን መጡ፤ ብቻዬን ፈርቼ ነበር» አለችኝ። ሁለት ሴንቲ የጠበበውን ቀሚስ አስታውሼ አፈርኩ፤ ያን ያደረግኩት ዳቦ ሻጯ ላይ ነበር፣ ያሰብኩት ግን እሷን ነው።

«መኪናዋ የራሷ ናት፣ አንድም ነገር አልተቀየረባትም» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እርስዎ ሞተሯ ጤነኛ ነው ይበሉኝ እንጂ አሁኑኑ እወስዳታለሁ።»

ጆሮ ሞተሩን አስነሳ። ኮፈኑን ከፈተ። ካቻቪቴውን ተከለና እጀታውን እንደ ድሮው ጆሮው ላይ አደረገ፤ በሰው ፊት በጥርሱ ሊነክሰው አልፈለገም። ዓይኑን ጨፈነ። በአንድ እጁ ነዳጅ ሰጣት። «ኳ ኳ ኳ ኳ!» ቁልጭ ብሎ። እኔ ፊቴን እንደ ግድግዳ አደረግሁ። ሴትየዋ መሬት መሬቱን ታያለች። ሰብሳቢው የመነጽሩን ገመድ ያስተካክላል።

ጆሮ ዓይኑን ገለጠ። የሶስታችንንም ፊት ተራ በተራ አየ። እንደገና ነዳጅ ሰጣት፤ አሁን ግን ዓይኑን አልጨፈነም፣ እኔን እኔን ነበር የሚያየው። ላብ ከግንባሩ ወርዶ አንገትጌው ውስጥ ገባ። አፉን ከፈተ። «እንደ ሰዓት» ሊል ነው አልኩ በልቤ።

«አንቺ» አለኝ። «ነዳጅ ስሰጣት ዓይንሽ ይርገበገባል። ምን ሰማሽ?»

ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ የሰማውን የሚናገር ሰው እኔን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ምን ሰማሽ ይለኛል።

«ኳ ኳ ይላል» አልኩ።

«አልሰማሁሽም። ጮክ በይ።»

«ኳ ኳ ይላል! ከታች ነው! ከሆዷ! ነዳጅ ስትሰጣት ይብስባታል!»

ሞተሩን አጠፋው። ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠረገና ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ብሮንዚኗ ነው። ዘንጉን የሚይዘው ስስ ብረት ተበልቷል። ካልተከፈተች መንገድ ላይ ትፈነዳብዎታለች። ጤነኛ ናት ብዬ አልመሰክርም። እኔ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይሰማም። በጥርሴም ሞክሬአለሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል እንጂ ምን እንደሆነ አልለየውም። ይህን ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረ። «እህቴ፣ ይቅርታሽን።»

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እሰማው ነበር» አለች። «ከክረምት ጀምሮ። እርስዎ ዝም ሲሉ የሞተሩ ጠባይ ነው አልኩ። እርስዎ እያሉ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ።»

እሱ አፏን አይቶ አልገባውም መሰለኝ ወደኔ ዞረ። ደገምኩለት፣ ጮክ ብዬ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ፊቱ ቀልቷል። «እውነቱን ለመናገር እኔም ሞተሩ ገና ሲነሳ ሰምቼው ነበር» አለ። «ሆኖም ጆሮ የያዛት መኪና ናት ስላሉኝ ራሴን ተጠራጠርኩ።»

ይህንንም ደገምኩለት። ባሌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ሁላችሁም?» አለ። «ሁላችሁም እየሰማችሁ?» ማንንም የማያምን ሰው ነው፤ እኛ ግን ከገዛ ጆሯችን ይልቅ እሱን ማመናችንን በዚያች ሰዓት ነው ያወቀው።

ሰብሳቢው የተከፈተ ሞተር እንደማይፈልግ በትህትና ነግሮን ሄደ። ሴትየዋ አላለቀሰችም። «ይከፈት እንግዲህ፤ ባሌም የገዛት ሊነዳት እንጂ ሊያያት አልነበረም። ጋሼ ይክፈቱልኝ፣ እኔም መንዳት እማራለሁ» አለች። በኋላ ሲከፈት ብሮንዚኗ እስከ መዳቡ ተበልታ ተገኘች፤ ለአንድ ረጅም መንገድ እንኳን አትበቃም ነበር። ሽቦ እየሰማ እሱ ሠራት። ክላሲክ መሆኗን አሁንም ይተነብያል፤ ማንም አይከራከረውም።

ያን ቅዳሜ ግን ወደ ቤታችን የተመለስነው በገበያው በኩል ነው። ገበያው መሀል፣ ሰው ግራና ቀኝ እየተጋፋን፣ ድንገት ቆመና ፊቴን ወደሱ አዞረኝ። አፌን ለማየት ነው። ለካ የበደለ ሰው አስተያየት አልነበረም።

«በነዚህ ሁለት ዓመታት» አለኝ፣ «ጠርተሽኝ ስንት ጊዜ ዝም አልኩሽ?»

ያን ሁሉ ቀን የያዝኩበት፣ ንቆኝ ነው ብዬ፣ ትቶኝ ነው ብዬ ብቻዬን የተቃጠልኩበት ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ብዙ አይደለም» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እህ?» አለ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አለኝ። «አልሰማሁሽም።»

«ብዙ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ብዙ ጊዜ ነው አልኩህ! በየቀኑ ነው የጠራሁህ!» ሽንኩርት ሻጮቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እዚያው መንገድ መሀል ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱም ያን ሁሉ ሰው ከምንም ሳይቆጥር አቅፎኝ ቆመ።